ጭንቅላት በስንት ዓመቱ ይዘጋል?

በየመሥሪያ ቤቱ ሲነገር የምትሰሙት አንድ አነጋገር አለ። ዕድሜው ሠላሳን ጥቂት ያለፈ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ባልደረባው «ለምን የማታውን ትምህርት አትቀጥልም?» ቢለው ይሥቅና «ተወኝ ወንድሜ፤ የኔ ጭንቅላት ከእንግዲህ ወዲህ አይቀበልም። ትምህርትማ በልጅነት ነበር» ይላል። ኮምፒውተር እንድትማር የታዘዘች ባልደረባውም «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ እኛን አልፎናል» ትላለች። ተማሪውም ከዚህ አነጋገር አልዳነም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሒሳብ ቢከብደው «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል።

ይህ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ትሕትና ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው፤ ያውም ሰው በገዛ ራሱ ላይ የሚፈርደው፣ ይግባኝ የማይጠየቅበት ፍርድ ነው። በዚህ ፍርድ ምክንያት ስንቱ ከማታ ትምህርት ቤት ደጃፍ እንደ ተመለሰ፣ ስንቷስ የጀመረችውን ሙያ እንዳቋረጠች ቤት ይቊጠረው። እንግዲህ ዛሬ ይህን ፍርድ አብረን እንመርምረው። ለመሆኑ ጭንቅላት ይዘጋል ወይ? የሚዘጋ ከሆነስ በስንት ዓመቱ ነው?

አስቀድሜ ወደ ወሎ ልውሰዳችሁ። ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ከተኛው ውኃ ነው። በዚያ ውኃ ውስጥ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረና ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘ ቦታ ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚህ ቦታ ትምህርት አቋቁመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ዓ.ም. ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ከደቀ መዛሙርቱ መካከል አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው ወደ ሐይቅ የመጡት ፊደል ሊቈጥሩ በሚደርሱበት ዕድሜ አይደለም። ቅስና ተቀብለው፣ በሸዋና በዳሞት ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሌላም ገዳም ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለብዙ ዘመን መምህር የነበረ ሰው እንደገና ከመምህር እግር ሥር ተቀመጠ። በሐይቅ በር ላይ «ዕድሜህ አልፏል» የሚል ዘበኛ አልነበረም ማለት ነው።

የፈረንጅ ሳይንስ ግን ለብዙ ዘመን ከመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ጋር ይስማማ ነበር። የዘመናዊው የአንጎል ጥናት አባት የሚባለው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሐኪም ነው። ይህ ሰው አንጎል እንደ አንድ ወጥ መረብ ሳይሆን ተለያይተው በሚኖሩ ጥቃቅን የነርቭ ሕዋሳት የተሠራ መሆኑን በማይክሮስኮፕ አይቶ አስረዳ። እነዚህን ሕዋሳት ሊቃውንቱ ኒውሮን ይሏቸዋል። ካሃል ግን በ1910ዎቹ በጻፈው መጽሐፍ በሙሉ ሰው አንጎል ውስጥ የነርቭ መንገዶች ያለቀላቸው፣ የማይለወጡ ናቸው፤ ሕዋሳቱ ሊሞቱ ይችላሉ፤ የሞተውን የሚተካ ግን አይበቅልም አለ። ቢቻል ይህን ጨካኝ ሕግ የወደፊቱ ሳይንስ ይሻረው ብሎም ተመኘ። ተከታዮቹ ፍርዱን በሚገባ ያዙ፤ ምኞቱን ግን ለረጅም ጊዜ ረሱት።

አሁን አንጎል እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንመልከት። በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል ኒውሮኖች አሉ። እያንዳንዱ ኒውሮን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍና ሥር አለው። በእነዚህ ቅርንጫፎች አማካይነት ከብዙ ሺህ ጎረቤቶቹ ጋር ይገናኛል። መገናኛው ቦታ ሲናፕስ ይባላል። አንድ ነገር ስናስብ፣ አንድ ቃል ስናስታውስ፣ ወይም ጣታችንን ስናንቀሳቅስ፣ መልእክት ከኒውሮን ወደ ኒውሮን በእነዚህ መገናኛዎች ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. ዶናልድ ሄብ የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቡና ሊቅ አንድ ሐሳብ አቀረበ። አንዱ ኒውሮን ሌላውን ደጋግሞ ሲቀሰቅሰው በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት እየጠነከረ ይሄዳል አለ። ይህን ለመረዳት ወደ ሐይቅ ዳርቻ ከብቶች የሚወርዱበትን የሣር ሜዳ አስቡ። አንድ ቀን ብቻ ያለፈ ከብት ሣሩን ጥቂት ያጎነብሰዋል እንጂ መንገድ አያወጣም። ዕለት ዕለት በዚያው ያለፈ መንጋ ግን ከሩቅ የሚታይ መንገድ ያወጣል። ማለፉ ከቀረ ደግሞ ሣሩ ተመልሶ ይበቅልበታል። የሄብ ሐሳብ ለጊዜው ሐሳብ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ግን ቲሞቲ ብሊስና ቴርዬ ሎሞ ኦስሎ ከተማ ውስጥ በጥንቸል አንጎል ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በኤሌክትሪክ በተደጋጋሚ የተቀሰቀሰ መገናኛ ለሰዓታት ጠንክሮ እንደሚቆይ አሳዩ። እንግዲህ «መማር» የምንለው ነገር በመንፈስ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በሥጋችን ውስጥ ቦታ ያለው፣ የሚታይ ለውጥ ነው።

«ይህ ለወጣት ይሆናል እንጂ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት መካከል አሜሪካዊቷ ሜሪያን ዳይመንድ አንዷ ናት። በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቿ ጋር አይጦችን በሁለት ከፈለች። አንዳንዶቹ ባዶ ሣጥን ውስጥ ለብቻቸው ተቀመጡ። ሌሎቹ ደግሞ ባልንጀሮችና ልዩ ልዩ መጫወቻዎች ባሉበት ሰፊ ሣጥን ውስጥ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ በባለ መጫወቻው ሣጥን የኖሩት አይጦች የአንጎል ቅርፊት ከብቸኞቹ ይልቅ ወፍሮ መገኘቱን አስታወቁ። ዳይመንድ በዚህ አላበቃችም። ከዓመታት በኋላ ዕድሜያቸው ከ700 ቀን በላይ የሆኑ አይጦችን ወስዳ ፈተነች። ይህ ለአይጥ ሽምግልና ነው። የሽማግሎቹም አንጎል በአዲሱ ኑሮ ምክንያት ሲወፍር አየች።

ስለ አዳዲስ ኒውሮኖች መወለድ ያለው ታሪክ ደግሞ ረዘም ያለና ክርክር የበዛበት ነው። ጆሴፍ አልትማን የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጎልማሳ አይጦች አንጎል ውስጥ አዳዲስ ሕዋሳት ሲወለዱ አየሁ ብሎ ጻፈ። የሰማው አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ20 ዓመት በኋላ ፈርናንዶ ኖተቦምና ባልደረቦቹ ካናሪ በምትባለው ዘማሪ ወፍ አንጎል ውስጥ፣ ለዜማ በሚያገለግለው ክፍል፣ ካደገች በኋላም አዲስ ኒውሮን እንደሚጨመር አሳዩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ስዊድናዊው ፒተር ኤሪክሰንና አሜሪካዊው ፍሬድ ጌጅ፣ ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው የተመረመረ አምስት የካንሰር ሕሙማን ውስጥ አዳዲስ ኒውሮኖችን አገኙ። የሕሙማኑ ዕድሜ ከ57 እስከ 72 ዓመት ነበር። የተገኙበት ቦታ ሂፖካምፐስ ይባላል። ትርጉሙ «የባሕር ፈረስ» ሲሆን ስሙን ያገኘው በቅርጹ ነው። አዲስ ትውስታ የሚመዘገበው በዚህ ክፍል በኩል ነው።

ነገሩ በዚህ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በስዊድን የወጣ ጥናት በአንድ በኩል ያለው ሂፖካምፐስ በየቀኑ 700 ያህል አዲስ ኒውሮን እንደሚጨምር ገመተ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በሙሉ ሰዎች አንጎል ፈልገን አጣን አሉ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት ሌሎች «አለ፤ አገኘነው» ብለው መለሱ። በሳይንስ ዘንድ እንዲህ ያለ ሙግት ነውር አይደለም፤ እውነት የሚጠራው በዚህ መንገድ ነው። እናንተ ግን አንድ ነገር ያዙ። የምንማረው በዋነኛነት አዲስ ኒውሮን ስለ ተወለደልን ሳይሆን፣ ያሉት ኒውሮኖች እርስ በርሳቸው ስለ ተያያዙ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአገራችን አነጋገር ለአንጎልም ይሠራል።

አሁን ወደ ሐይቅ እንመለስ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤት፣ ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳል። ከትምህርቱ ብዙው የቃል ትምህርት ነው። ማታ ከመምህሩ አፍ የሰማውን ያለ መብራት፣ ያለ መጽሐፍ፣ በጨለማ ይደጋግመዋል። ሲነጋ በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይለዋል። ከሳተ ይታረማል፤ እንደገና ይለዋል። ይህ ለዓመታት ይቀጥላል። ዘመናዊ ትምህርት የቀመስን ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ይህን «ሽምደዳ» ብለን እንንቀዋለን። ይህ ልማድ በአንጎል ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ጥናት ፍንጭ ይሰጠናል።

በሕንድ አገር የቬዳ መጻሕፍትን በቃላቸው የሚያጠኑ ሊቃውንት አሉ። ከልጅነታቸው ጀምረው ለብዙ ዓመት፣ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት፣ ቃሉንና ዜማውን ሳያጓድሉ ይደግማሉ። የእኛን የዜማ ቤት ተማሪ የሚያውቅ ሰው ቢያያቸው ዘመዶቹን ያገኘ ይመስለዋል። ጄምስ ሃርትዝል የተባለ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የ21 እንዲህ ያሉ ሊቃውንትን አንጎል ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ አነሣ። ይህ መሣሪያ ያለ ቢላዋ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ነው። ከዚያም ከሌሎች 21 ሰዎች አንጎል ጋር አነጻጸረው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. እንደ ታተመው፣ የሊቃውንቱ አንጎል ለቋንቋና ለማስታወስ በሚያገለግሉ ክፍሎቹ ግራጫው አካል በጉልህ በዝቶ ተገኘ። በሂፖካምፐስም ልዩነት ታየ።

ከሐይቅ ጥቂት ወደ ሰሜን ከፍ ብንል ደግሞ አምባሰል እንደርሳለን። አምባሰል ለጂኦግራፊ ተማሪ ወረዳ ነው፤ ለታሪክ ተማሪ የውጫሌ ውል የተፈረመበት አገር ነው፤ ለሙዚቃ ሰው ግን ቅኝት ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። በአምስት ድምፆች የሚሄድ ሲሆን፣ ማሪቱ ለገሠን የሰማ ሰው ሁሉ አምባሰል ሲባል ወዲያው በጆሮው ይመጣበታል። አሁን መሰንቆ የሚጫወተውን ሰው አስቡት። ቀኝ እጁ ደጋኑን ይስባል። ግራ እጁ ግን በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ላይ፣ ምልክት በሌለበት እጀታ፣ እያንዳንዷን ድምፅ በጣቱ ፈልጎ ያገኛል። ጣቱ በጥቂቱ ቢስት አምባሰሉ አምባሰል መሆኑ ይቀራል።

ቶማስ ኤልበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ጥያቄ በአውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ላይ አንሥተው ነበር። ዘጠኝ ተጫዋቾችን መርምረው፣ የግራ እጃቸውን ጣቶች የሚያዳምጠው የአንጎል ክፍል ከማይጫወቱ ሰዎች ይልቅ ሰፍቶ አገኙት። የቀኝ እጃቸው ግን ከሌላው ሰው አልተለየም። በግራ እጅም ቢሆን ብዙ ከማይሠራው አውራ ጣት ይልቅ ሥራ የበዛባት ትንሿ ጣት የበለጠ ቦታ ይዛለች። አንጎል ለሠራተኛ ጣት መሬት ጨምሮ ሰጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ እጁን ያነሣል። «እነዚህ ሰዎች መጀመሪያውኑ እንዲህ ያለ አንጎል ይዘው ቢወለዱስ? ስለዚህም ሊቅና ሙዚቀኛ ቢሆኑስ?» ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የኤልበርት ተጫዋቾችም በልጅነት የጀመሩት ከዘገዩት ይልቅ ጎልቶ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ሰውን ሳይማር በፊትና ከተማረ በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ይህን ያደረገችው እንግሊዛዊት በሆነች ዩኒቨርሲቲ ስትሠራ የኖረችው አየርላንዳዊቷ ኤሌኖር ማጓየር ናት። የለንደን ታክሲ ነጂ ፈቃድ ለማግኘት 25 ሺህ ያህል መንገዶችን በቃሉ ማወቅ አለበት። ትምህርቱም ሦስትና አራት ዓመት ይወስዳል። ማጓየር አስቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም.፣ የነጂዎቹ ሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ተልቆ መገኘቱን ጽፋ ነበር። ከዚያም ካትሪን ዉሌት ከተባለች ባልደረባዋ ጋር ትምህርቱን ገና ሊጀምሩ የነበሩ 79 ሰዎችን አንጎል አነሣች። ሲጀምሩ በመካከላቸው ልዩነት አልነበረም። ከዓመታት በኋላ 39ኙ ፈተናውን አለፉ። እንደገና ሲነሡ፣ ባለፉት ሰዎች ሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ግራጫው አካል ጨምሯል። በወደቁት ግን አልጨመረም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ታተመ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ልጆች አይደሉም። ኑሮ ያላቸው፣ ሥራ ፈላጊ የሆኑ ሙሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህም የሚቀርብ ምስክር በየቤታችን አለን። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ብዙ አባቶችና እናቶች በጎልማሳነታቸው፣ አንዳንዶቹም በሽምግልናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ጨበጡ። ሞፈር የለመደ እጅ «ሀ»ን ለመጻፍ ላብ አወጣ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ይሰጥ የነበረውን ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አስገኝቷል። ከእናንተም መካከል አያቱ በዚያ ዘመቻ ስሟን መጻፍ የተማረችለት አይጠፋም።

ማኑኤል ካሬራስና ባልደረቦቹ በኮሎምቢያ አገር ተመሳሳይ ሰዎች አገኙ። ከጫካ ውጊያ ወደ ሰላማዊ ኑሮ የተመለሱ፣ ማንበብና መጻፍን በሙሉ ሰውነታቸው የተማሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. እንደ ታተመው፣ ዘግይተው ከተማሩት ሰዎች አንጎል ውስጥ ለንባብ የሚያገለግሉት ክፍሎች ካልተማሩት ይልቅ ዳብረው ተገኙ። ቀኝና ግራውን አንጎል የሚያያይዘው የነጭ ክሮች ድልድይም በአንድ ክፍሉ ጠንክሮ ታየ። እንግዲህ አያታችሁ «ሀሁ» ስትቈጥር የተማረችው ፊደል ብቻ አልነበረም፤ በአንጎሏ ውስጥ ድልድይ ትሠራ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ግን ላታልላችሁ አልፈልግም። አንጎል ሁሉን ነገር ይጠግናል ማለት አይደለም። በልጅነት መማር ይቀላል፤ በተለይ የቋንቋን ድምፅ ለመያዝ ልጅን የሚወዳደር የለም። የሞተ የነርቭ ሕዋስንም ልምምድ ብቻ አያስነሣውም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ ደላንታ ዳውንት፣ ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ተቋቁሞ ይበቅል ስለ ነበር ሰዎች እሱን አብዝተው በሉ። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ እግርን የሚያዙትን የነርቭ መንገዶች ጎድቶ ብዙዎችን፣ ይልቁንም ወጣቶችን፣ አንካሳ አደረጋቸው። ይህን በሽታ ካጠኑት መካከል ታዋቂው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። እንዲህ ያለው ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ አንጎልንና ነርቭን አስቀድሞ መጠበቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። መንገድ የሚወጣው ለበጎ ብቻ አይደለም። ዕለት ዕለት የምንደጋግመው መጥፎ ልማድም በአንጎላችን ውስጥ መንገዱን ያሰፋል። «አይገባኝም» ማለትም ቢደጋገም ልማድ ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሊቃውንቱ ካገኙት ጥቂቱን ልንገራችሁ።

አንደኛ፤ ጥቂት በጥቂት፣ ግን በየጊዜው አጥኑ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ በአንድ ቀን የተከመረ ጥናት በልዩ ልዩ ቀን የተከፋፈለውን ያህል አይጸናም። በፈተና ዋዜማ ደብተር ሙሉ ከመዋጥ በየማታው ግማሽ ሰዓት ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ መጽሐፉን ዝጉና ለራሳችሁ ንገሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው ፈተኑ። ጽሑፉን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ፣ አንብበው ከዚያ ያለ መጽሐፍ ለማስታወስ የታገሉት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታወሱ። የቃል ትምህርት ተማሪ በመምህሩ ፊት ቆሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስታስታውሱ ቢያስጨንቃችሁ አትደንግጡ፤ ጭንቁ ራሱ ሥራው ነው።

ሦስተኛ፤ ተኙ። ይህን የምለው በተለይ ጫት ቅሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ለሚያድር ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ዊልሰንና ማክናውተን የአይጦችን ሂፖካምፐስ ሲያዳምጡ፣ በቀን አብረው የሠሩ ሕዋሳት በእንቅልፍም ጊዜ አብረው ሲቀሰቀሱ አገኙ። አንጎል ተኝቶ ትምህርቱን ይከልሳል ማለት ነው። እንቅልፉን የነሣችሁት አንጎል ግን ዝርዝሩን ተቀብሎ መዝገብ ላይ ሳያሰፍር እንደ ቀረ ጸሐፊ ይሆናል።

አራተኛ፤ በእግራችሁ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ 120 አረጋውያን በሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ታዩ። በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው የተራመዱት ሂፖካምፐሳቸው በመቶ ሁለት ያህል ጨመረ። እጅና እግር ማፍታታት ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው። የአምባሰልን ዳገት ዕለት ዕለት ለሚወጣ ገበሬ ይህ ምክር አያስፈልገውም። ከቢሮ ወንበር ወደ ታክሲ ወንበር ለምንዘዋወረው ለእኛ ግን ያስፈልገናል።

ውድ አንባብያን፤ የጀመርነውን ጥያቄ እንመልስ። ጭንቅላት በስንት ዓመቱ ይዘጋል? በ57 ዓመት አልዘጋም፤ በ72 ዓመትም አልዘጋም። የለንደኑ ታክሲ ነጂ፣ የኮሎምቢያው ተዋጊ፣ በ1971 ዓ.ም. እርሳስ የጨበጠችው የወሎ እናት ሁሉ ይህን መስክረዋል። ይዘገይ ይሆናል፤ በልጅነት አንድ ቀን የፈጀው በአርባ ዓመት ሳምንት ይፈጅ ይሆናል። መዘግየትና መዘጋት ግን አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የመዝገብ ቤቱ ወንድማችን ነገ ከሥራ ሲወጣ ወደ ማታ ትምህርት ቤት ጎራ ብሎ የመመዝገቢያውን ቀን ይጠይቅ። እኅታችንም ከኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጥ። የመጀመሪያው ሳምንት ጨለማ ቢሆንባቸው ተስፋ አይቊረጡ። አንድ ቀን ብቻ ባለፈ ከብት መንገድ አይወጣምና። ተማሪውም የዘጋውን የሒሳብ ደብተር ከዚህች ሌሊት በፊት አንድ ገጽ ይክፈት።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።